ሳይጠየቁ ነውርን ስለ መናገር

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስለ ዕቃው ጉድለት የሚያውቀውን ሁሉ፣ ገዥው ሳይጠይቀው፣ የመናገር ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ሲሰሙት የገበያ እንጂ የፍልስፍና አይመስልም። ዳሩ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈላስፎችን ያከራከረ፣ ዳኞችንም ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀላል መስሎ የሚታየው ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ብቻ ነው። ያው አንዱ ሰው ሲሸጥ አንድ ዓይነት፣ ሲገዛ ሌላ ዓይነት መልስ ይሰጣልና።

ስለ እውነተኛነት በጥቅሉ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙም ተጽፏል። ይሁንና በቴያትር ሥራ የኖርን ሰዎች ሐሳብን ሥጋና ልብስ ካላለበስነው እምብዛም አናምነውምና፣ ጥያቄውን በአንድ የታወቀ ዕቃ ላይ አሳርፌ ልመረምረው ወደድሁ። ዕቃው በዛሬይቱ እንግሊዝ አገር ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው፤ በጉልበቱ መካከለኛ፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን። ስለ ምን ሞተር ብስክሌት? መኪና ሲከዳ በአብዛኛው ጌታውን መንገድ ዳር ያቆመዋል፤ ሞተር ብስክሌት ሲከዳ ግን ከአስፋልት ጋር ያገናኘዋል። ሞተሩን ከሌላ ሰው እጅ ገዝቶ በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው፣ ከኮርቻው ይልቅ በሻጩ ቃል ላይ ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጃፓኑ የሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1983 ሲ ኤክስ 500 የተሰኘ ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ላቲኑ ቪ ፊደል በ80 ዲግሪ ተከፍተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቅ ይላሉ፤ ይዘታቸው ተደምሮ 497 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች በነፋስ ብቻ ሲቀዘቅዙ፣ ለዚህኛው እንደ መኪና ራዲያተር ተገጠመለት። ሌሎቹ የኋላ ጎማቸውን በካቴና ሲያዞሩ፣ ይህኛው በተሸፈነ የብረት ዘንግ አዞረው። ስለዚህም ባለቤቱ ዝናብ በመታው ቁጥር ካቴና ከመጥረግና ዘይት ከመቀባት ዳነ። ጎማው ካላማዳሪ አልነበረውም፤ ቸርኬውም በራጂ የተወጠረ አልነበረም። የሲሊንደሮቹ ራስ በ22 ዲግሪ ጠምዘዝ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ምክንያቱም ካርቡራቶሮቹ የነጂውን ጉልበት እንዳይነኩ ነው። ይህን የነደፈው መሐንዲስ መልኩን ፈጽሞ ስለማያውቀው ሰው ጉልበት ተጨንቆ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለጥያቄያችን ግን ትንሽ አይደለም።

መልኩ አላማረም። እንግሊዞቹ «የፕላስቲክ ትል» ብለው ተሳለቁበት፤ ጀርመኖቹ ደግሞ በእርሻ ቦታ የፍግ ውሃ በሚስቡበት ፓምፕ ስም ጠሩት። የሎንዶን መልእክት አመላላሾች ግን ከሚወዷቸው ሞተሮች አንዱ አደረጉት። ቀኑን ሙሉ በዝናብና በጭጋግ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚሮጥ ሰው ለውበት ጊዜ የለውም፤ ጧት ሲቀሰቅሰው የሚነሣ ሞተር ነው የሚሻው። እነሆ ዛሬ ያ ሞተር ከ40 ዓመት ዕድሜ አልፎ ሁለት ዓይነት ወዳጅ አፍርቷል። ወጣቶቹ ልብሱን ገፍፈው፣ ወንበሩን አሳጥረው፣ አዲስ ፋሽን ያወጡበታል። ጎልማሶቹ ሻንጣ አሥረውበት ዌልስና ስኮትላንድ ድረስ ሊጓዙበት ይመኛሉ። እኔ በበኩሌ ከጎልማሶቹ ወገን ነኝ፤ ፈረስን ጭራና ጋማውን ቆርጦ «አስዋብሁት» የሚል ሰው አይገባኝም።

የዚህ ሞተር ጉድለቶች የታወቁ ናቸው፤ ከእነዚህም ሦስቱ ለነገራችን ይጠቅማሉ።

መጀመሪያ የወጡት ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ የሚያዞር የውስጥ ካቴና አላቸው፤ የዚህ ካቴና መወጠሪያ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ሞተሮቹን አስጠርቶ አስጠገነ። የታረመውም ካልታረመው እንዲለይ በሞተሩ ቁጥር አጠገብ ሦስት ነጥቦች በብረት እየተመቱ ታተሙ። ዛሬ ገዥ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ ባትሪ እያበራ፣ በመጀመሪያ የሚፈልገው እነዚያን ሦስት ነጥቦች ነው። በእኛ በሰዎች ዘንድ ጠባሳ የሚሸሸግ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ጠባሳው የክብር ማስረጃ ሆኗል። «ጉድለት ነበረብኝ፤ ታረምሁ» የሚል ብረት ከየትም አይገኝም።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ይደንቃል። ከሞተሩ በስተኋላ፣ ከውሃው ፓምፕ በታች፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የፓምፑን ዘንግ የከበበው የውሃ ማገቻ አርጅቶ ማሳለፍ ሲጀምር ውሃው ወደ ሞተሩ ዘይት ከመግባቱ በፊት በዚያች ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ቀዳዳይቱ ከብልሽት የመጣች አይደለችም፤ ሆን ተብላ የተበጀች ናት። ሥራዋም ሌላ አይደለም፤ መናገር ብቻ ነው። መሐንዲሱ ማገቻው አንድ ቀን እንደሚያረጅ ዐውቆ፣ ጉድለቱ ተሸሽጎ ሞተሩን ከሚገድለው አደባባይ ወጥቶ ይታይ ብሎ፣ ለማሽኑ አፍ ሠራለት። ማሽኑ እንግዲህ ሳይጠየቅ ነውሩን ይናገራል። የቀረው የሰውየው ነገር ነው።

በዚህች ቀዳዳ ፊት ሦስት ሻጮችን እናቁም። አንደኛው ምንም አይናገርም፤ ጠብታው ግን ድንጋዩ ላይ ይታያል፤ ያየ ያያል። ሁለተኛው ቀዳዳይቱን በሙጫ ደፍኗታል። ስለዚህ ሰው ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ መውጫ ያጣው ውሃ ከዘይቱ ተቀላቅሎ ሞተሩን ከውስጥ እንደሚበላው እያወቀ የምስክሩን አፍ ዘግቷል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። እርሱ ቀዳዳይቱን አልደፈነም፤ ሐሰት ቃልም ካፉ አልወጣም። ገዥው ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በጨርቅ ጠረግ አደረጋት፤ ሞተሩንም ትናንት ጠብታው ካረፈበት ድንጋይ ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ አድርጎ አቆመው። ይህ ሰው ምን አደረገ? ቢጠይቁት «ዕቃዬን አጸዳሁ» ይላል። ዕቃን አጽድቶ መሸጥ ደግሞ የጨዋ ወግ ነው፤ ቆሻሻ ዕቃ ይዞ የሚቀርብ ሻጭ ገዥውን እንደ መናቅ ይቆጠርበታል። ታዲያ መወልወልና መሸሸግ የሚለያዩት በምንድን ነው? በጨርቁ አይደለም፤ በእጁም እንቅስቃሴ አይደለም። ሰውየው ጨርቁን ሲያነሣ ያየውን ነገር ገዥው እንዳያይ መፈለጉ ነው የሚለየው። ይህንንም ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው ጉድለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጥቅል ሽቦ ነው። ሲቃጠል ባትሪው መሞላት ያቆማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይማ የካንዴላው እሳት ራሱ ከዚያው ይመነጫልና ሞተሩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ክፋቱ እርሱን ለመለወጥ ሞተሩን በሙሉ ከሻሲው ፈትቶ ማውረድ ግድ መሆኑ ነው። ሲጀምረው ደግሞ በዐይን አይታይም። ሻጩ ሌሊቱን ባትሪውን በግድግዳ ኤሌክትሪክ ሞልቶ ካደረ፣ ሞተሩ ጧት በአንድ ንክኪ ይነሣል፤ መብራቱም ቦግ ይላል። ቮልት መለኪያ ይዞ የመጣ ገዥ ሊደርስበት ይችላል፤ ሳይዝ የመጣው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጨለማ በሆነ የገጠር መንገድ ላይ፣ መብራቱ እየፈዘዘ ሲሄድ ያኔ ይረዳዋል። ባትሪ ሞልቶ ማቅረብ ደግነት ነው ወይስ ማታለል? ማመንጫው ደኅና ከሆነ ደግነት ነው፤ መበላሸቱ ከታወቀ ማታለል ነው። ተግባሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት።

ሕጉ ምን ይላል ቢባል፣ የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ረገድ ለዝምታ ለዘብ ብሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1878 የጌቶች ምክር ቤት የፈረደው አንድ ዝነኛ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው የተስቦ በሽታ ከገባባቸው አሳማዎቹ ውስጥ ወደ ገበያ ላከ፤ «ከነነውራቸው» ተብሎ ተሸጡ። የገዥው ሌሎች አሳማዎችም በበሽታው ተለከፉ። ጌቶቹ ሻጩ ስለ ጤንነታቸው ምንም ቃል አልሰጠምና በዝምታው ብቻ አይጠየቅም ብለው ፈረዱ። ዛሬም በግል ማስታወቂያዎች ግርጌ «እንዳዩት ይወስዱታል» የሚል ቃል ይነበባል፤ የነዚያ አሳማዎች የልጅ ልጅ ነው። በእርግጥ ነገሩ ሁሉ እንደዚያው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሽያጭ ሕግ ዕቃው ከተነገረለት መግለጫ ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል፤ በ2015 የወጣው የሸማቾች ሕግ ነጋዴን አጥብቆ ይይዛል፤ ለመንገድ የማይበቃ ተሽከርካሪ መሸጥም በ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ወንጀል ነው። ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ከጓሮው ሲሸጥ ግን ሳይጠየቅ ስለ መናገር ሕጉ ብዙም አይናገርም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። ከሜይ 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታላቋ ብሪታንያ 40 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ፣ ጉልህ ለውጥ ካልተደረገበት፣ ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ሆኗል። ባለቤቱ ለመንገድ የበቃ አድርጎ የመያዝ ግዴታው አልተነሣለትም፤ የተነሣው የመርማሪው ዐይን ነው። ከአሮጌዎቹ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚጠበቁት ጠንቃቃ በሆኑ ሰዎች ነውና ሐሳቡ መሠረት አለው ይሉ ይሆናል። ቢሆንም የመንግሥት ዐይን ከተነሣበት ስፍራ ላይ የሻጩ ዐይን ብቻውን ይቀራል፤ ያውም ከገንዘቡ ጋር የተዛመደ ዐይን።

እንግዲህ የሽያጩን ጊዜ እንደ ትርኢት አስቡት። ጓሮ ነው፤ ሞተሩ በመካከል ቆሟል።

ገዥ፦ ቤንዚን ታንኩ አልዛገም?

ሻጭ፦ አልዛገም፤ ከፍተው ይመልከቱ።

ገዥ፦ ፍሬኑስ?

ሻጭ፦ ባለፈው ዓመት ጫማው ተለውጧል፤ ደረሰኙ ይኸውልዎ።

ገዥ፦ ሌላ የሚነግሩኝ ነገር ይኖራል?

(ሻጩ ዝም ይላል።)

በቴያትር ጽሑፍ ላይ «ዝም ይላል» የሚለው በቅንፍ የተዘጋ ቃል ነው፤ ተዋናዩ ግን ዝምታውን መጫወት አለበት። ምን ያህል ሰኮንድ? ወዴት እያየ? ጨርቁን ከእጁ ጥሎ ነው ወይስ እንደ ያዘ? መድረክ ላይ ባዶ ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ ተመልካቹ እያንዳንዱን ዝምታ እንደ ንግግር ይሰማዋል። ገዥው ሦስተኛውን ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ የመጣው ዝምታ «የለም» ማለት ነው፤ ይህም ሐሰት ነው። እስከዚህ ድረስ አብዛኛው ሰው ይስማማል። የሚያከራክረው ገዥው ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ቆጥሮ ቢሰጥ ነው።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ክርክር አስፍሯል። የነገሩ ምሳሌ ቤት ነው። ቤቱ ለጤና የማይስማማ፣ እባብ በየክፍሉ የሚታይበት፣ እንጨቱ የተበላ ነው፤ ይህንንም ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ሳይናገር ቢሸጠው በደለ ወይስ አልበደለም? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ አልበደለም ይላል። ግዛ ብሎ ያስገደደህ የለም፤ ሻጩ የማይወደውን ሸጠ፣ አንተ የወደድኸውን ገዛህ፤ ደግሞስ «በሽታ ያለበት ቤት እሸጣለሁ» ብሎ የሚያስለፍፍ ሞኝ የት ይገኛል? የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ፣ የዲዮጋንስ ደቀ መዝሙር የነበረው፣ በደለ ይላል። መንገድ የጠፋውን ሰው መንገድ አለማሳየት ነውር ከሆነ፣ እያወቁ ሰውን ወደ ስሕተት መምራት እንዴት ነውር አይሆንም? ነው ክርክሩ። ሲሴሮ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ቆሟል። ዝም ማለት ሁሉ መሸሸግ አይደለም ይላል፤ ሌላው ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቅ መፈለግህ ግን መሸሸግ ነው።

እኔም በዚህ ከሲሴሮ ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ ሮማ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ቋንቋችን አድርሶኛል። በአማርኛ የከብት ጉድለት «ነውር» ነው፤ ነውር የሌለበት በግ፣ ነውር የሌለበት በሬ እንላለን። የሰው አሳፋሪ ሥራም «ነውር» ነው። አንዲት ቃል በአንድ ወገን የዕቃውን እንከን፣ በሌላ ወገን የሰውየውን ኀፍረት ትይዛለች። ዕቃው ነውር ቢኖረው ኀፍረት የለም፤ በቅሎ ታነክሳለች፣ ማገቻ ያረጃል፣ ሽቦ ይቃጠላል። የዕቃው ነውር የሰውየው ነውር የሚሆነው ሲሸሸግ ነው። ቃሏ ከዕቃው ወደ ሻጩ የምትሻገርበት ድልድይ መሸሸግ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ሰም አሳይቶ ወርቅ መደበቅ የቅኔያችን ጌጥ አይደለም ወይ ብለው ሊከራከሩ ይቃጣቸዋል። ነው። ግን የቅኔ አድማጭ ከሰሙ ሥር ወርቅ መኖሩን ዐውቆ ይሰማል፤ ፍለጋውም ደስታው ነው። አዲስ ቀለም በተቀባ ታንክ ሥር ዝገት የሚያገኝ ገዥ የዚህ ዓይነት ስምምነት አልገባም።

ዲዮጋንስ የዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ቤቱንም ሆነ ሞተሩን የሚገዛው አንድ ሰው ነው፤ የሚጠቀምበት ግን አንድ ብቻ አይደለም። ሲ ኤክስ 500 ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ገዥው በሳምንቱ እሑድ ሚስቱን ወይም ልጁን አፈናጥጦ ይወጣል። ከጀርባው የተቀመጠችው ሴት ጓሮው ውስጥ አልነበረችም፤ ዋጋ አልተከራከረችም፤ «እንዳዩት ይወስዱታል» የሚለውን ቃል አልፈረመችም። ጎማውን እንኳ አላየችም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት አኀዞች ይታተማሉ፤ 2309 ቢል በ2009 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ጥርሱ ያላለቀ፣ ሲያዩት አዲስ የሚመስል፣ ግን ከዓመታት ብዛት የደረቀ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ አይያዝም። ሻጩ ይህን ዐውቆ ዝም ቢል በገዥው ነፃ ፈቃድ መሐላ ሊያመካኝ ይችል ይሆናል፤ በተፈናጠጠችው ሴት ዘንድ ግን ምን የሚያመካኝበት አለው? የገዥ ነፃነት የገዥው ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አጥንት አይተርፍም። ስለዚህ ወንበሩ ቢቀደድ፣ ቀለሙ ቢላጥ፣ ማርሚታው ቢዝግ ሻጩ ጥያቄ ይጠብቅ እንኳ ብንል፣ በፍሬን፣ በጎማና በመሪ ላይ ጥያቄ የመጠበቅ መብት የለውም ባይ ነኝ።

እስካሁን የተከሰሰው ሻጭ ነው። ክሱ ግን ተገላቢጦሽ አለው፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሽማግሌ ሴት እናስብ። ሞተሩ ከቤት ጀርባ፣ በሸራ እንደ ተሸፈነ፣ ዓመታት ቆሟል። የሚያዩት ጊዜ ልባቸው ስለሚያዝን እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ፤ ከጎረቤት ሰምተው አንድ ዋጋ ይጠራሉ። ገዥው ሸራውን ይገልጣል። ሦስቱ ነጥቦች አሉ። ዛሬ እንደ ልብ የማይገኙት የፋብሪካው ማርሚታዎች ሳይነኩ ከነጠገራቸው ናቸው። የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ያለበት የጥገና ደብተር ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። ዕቃው ከተጠራው ዋጋ ሁለት እጥፍ እንደሚያወጣ ገዥው በአንድ አፍታ ያውቃል። እዚህ ዝም ያለው ገዥው ነው። አሁን «ሳይጠየቁ መናገር» የማን ግዴታ ሆነ?

ገዥው የሚያቀርበው መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። ዕውቀቱን በነፃ አላገኘውም፤ ለብዙ ዓመት እጁ በዘይት ጠቁሮ፣ በተሳሳተ ግዥ ገንዘብ ከስሮ ነው የተማረው። ይህን ዕውቀት በየጓሮው እየዞረ ያድል ከተባለ መማር ምን ዋጋ አለው? ከሌላ ነጋዴ ጋር ሲገበያይ በዚህ መከራከሪያ እስማማለሁ። ሁለቱም በአንድ ሜዳ የወጡ ተጫዋቾች ናቸው፤ አለማወቅ የነጋዴው የራሱ ስንፍና ነው። ሴትዮዋ ግን ወደ ጨዋታው አልገቡም። ወደ ገበያ ያመጣቸው ሐዘን ነው። ገዥው በእርሳቸው ላይ የሚያተርፈው ከዕውቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከሞተውም ሰው ነው።

ሲሴሮ በዚያው መጽሐፉ ስለ ኩዊንቱስ ስካይቮላ ይተርካል። ይህ ሰው የእርሻ መሬት ሊገዛ ሄዶ የመጨረሻ ዋጋውን ባንድ ቃል ንገሩኝ አለ፤ ሻጩም ነገረው። ስካይቮላ መሬቱ ከዚህ ይበልጥ ያወጣል ብሎ መቶ ሺህ ሴስቴርስ ጨምሮ ከፈለ። የዘመኑ ሰዎች ሥራው የደግ ሰው ሥራ መሆኑን የካደ አልነበረም፤ የብልህ ሰው ሥራ አይደለም ያሉ ግን ነበሩ። ሲሴሮን ያሳዘነው ይኸው ነው፤ ደግነትንና ብልህነትን ሁለት ቤት ማስቀመጣቸው። እኔ ከእያንዳንዱ ገዥ የስካይቮላን ያህል አልጠብቅም። ሴትዮዋ «እርስዎስ ስንት ያወጣል ይላሉ?» ብለው ሲጠይቁት ግን፣ ወይም ሊጠይቁት ዐይኑን ዐይኑን ሲያዩት፣ ሰውየው ወደ ጎማው አጎንብሶ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጠብታዋን ከጠረገው ሻጭ የሚለየው ጨርቅ አለመያዙ ብቻ ነው።

ስለ «ኦሪጅናል»ነት የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ጳውሳንያስም ሆነ ሌላ ሳይሆን ፕሉታርክ ነው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃዎች እየለወጡ ስላቆዩአት ፈላስፎች ያው መርከብ ናት፣ አይደለችም እያሉ መከራከራቸውን የጻፈው። አሮጌ ሞተር ሁሉ የቴሴዎስ መርከብ ነው። ቁጥሩ በመሪው አንገት ላይ የተመታበት ሻሲ ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሦስተኛው የመጣ ሊሆን ይችላል። እንቆቅልሹ ለፈላስፋ አይፈታም ይሆናል፤ ለሻጭ ግን ፍቺው ቅርብ ነው። ሞተሩ በዚህ ዓመት ተለውጧል፣ ቆጣሪውም የራሱ አይደለም ብሎ ታሪኩን ከተናገረ፣ ገዥው ያው ነው ይበለው አይደለም ይበለው ማንም አልተጎዳም።

የቀረው ነገር የተናገረ ሰው ምን ያገኛል የሚለው ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ በሆነው፣ የአሮጌ መኪና ገበያን መረመረ። ገዥ ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደኅና ዕቃ ያለው ሰው መሸጥ አይፈልግም፤ እርሱ ሲወጣ ገበያው ለብልሹ ዕቃ ይቀራል። ስለዚህም የሻጭ ሁሉ ዝምታ አንድ ገዥን ብቻ ሳይሆን ጨዋውን ሻጭ ጭምር ከገበያ ያስወጣዋል።

ነገር ግን ጨዋውን ሻጭ የሚያባርረው ሌላው ሻጭ ብቻ አይደለም። ሰውየው ገዥውን ተቀብሎ፣ ሻይ አቅርቦ፣ «ከመጀመራችን በፊት ይህችን ቀዳዳ ይመልከቱልኝ፤ ማገቻው ሊለወጥ ይገባዋል፤ ለዚያም ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎ ያሳየዋል እንበል። ገዥው ጎንበስ ብሎ ያያል። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። እስከዚያ ድረስ ሞተሩን ሲያደንቅ የነበረው ሰው አሁን ራሱን ይነቀንቃል፤ «እንግዲህ ይህ ካለ ሌላም አይጠፋም» ይላል፤ ከጥገናው ወጪ አልፎ የዋጋውን እኩሌታ ይቆርጣል። የተነገረውን እውነት መልሶ እንደ ዱላ ይዞበታል። ማገቻውን አስለውጦ መካኒኩ የሚያስከፍለው ገንዘብ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚታወቅ ነው። ያን ያህል ከዋጋው ቢቀነስ ሻጩም ቅር አይለውም፤ ከመናገሩ በፊት አስቦበታልና። ከዚያ በላይ የተቆረጠው ግን ለቀዳዳይቱ የተቆረጠ አይደለም። ሻጩ ያሳያት እርሱ ራሱ በመሆኑ የተቆረጠበት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚመጣው ሁለተኛ ገዥ ጨርቁን ከኪሱ ያወጣ ይሆን ወይስ አያወጣ፣ ይህን በከፊል የወሰነው የመጀመሪያው ገዥ ነው።